ፊታችሁን ወደ ግድግዳ

ካራ ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ድምፅ የሚሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ልማዱ የመጣው አምና ነው፤ ወይዘሮ ሸዋረጋ በግልጽ እጅ ማውጣት ተሸንፈው የሻይ ብርጭቆ ሙዘይን ግንባር ላይ ከሰበሩ በኋላ። ሙዘይን ላምበረት የብረታ ብረት ሱቅ አለው። አራት ቦታ ተሰፋ፤ በሳምንቱ የሸዋረጋን መኪና መስታወት በመዶሻ አወረደው። ሁሉም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ተደባደቡ ብሎ ያስገደዳቸው የለም።

ስለዚህ ድምፅ በምስጢር ይሁን ተባለ። ድርጅቱ የሚረዳው ማየትም መስማትም የተሳናቸውን ነው። ከአምስቱ የቦርድ አባላት አንዷ ሐመልማል ናት፤ እሷም አታይም፣ አትሰማም። ሰብሳቢው አቶ ወልደ ሐዋርያት ይህ ትዝ ሲላቸው ጠረጴዛውን በደስታ መቱት።

«ከእሷ የበለጠ ምስጢር ጠባቂ ከየት ይመጣል? ቆጣሪዋ እሷ ትሁን!»

ደንብ ወጣ። ሐመልማል ጠረጴዛው ራስ ላይ ትቀመጣለች። በመዳፏ ላይ በምልክት የምታነጋግራት አስተርጓሚዋ ጂቱ ትወጣለች። የቀሩት እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳው ሥር ይደረደራሉ። ተራ በተራ እየሄዱ እጃቸውን መዳፏ ላይ ያሳርፋሉ፤ የተዘረጋ እጅ ድጋፍ ነው፣ የተጨበጠ ተቃውሞ። የጨረሰ ሰው የሚቀጥለውን ትከሻ ይነካል። ሐመልማል የራሷን ድምፅ ጨምራ ውጤቱን በጣቶቿ ታሳያለች።

እጁ የማን እንደሆነ ታውቅ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። «ተጠቃሚዎቻችን ሰውን በእጁ ይለያሉ» እያሉ በየዓመቱ ሪፖርት ላይ የሚጽፉት ግን እነሱው ናቸው።

የዚያን ቀን አጀንዳ ማዕከሉ ከካራ ተነስቶ እንጦጦ ይውጣ የሚል ነበር። ከሐመልማል ቤት እስከ ማዕከሉ በር አጥር አጥሩን የተወጠረ ገመድ አለ። የወጠረው ሙዘይን ነው። አንድ ቋጠሮ ሲመጣ ቦይ አለ ማለት ነው፤ ሁለት ቋጠሮ መታጠፊያ፤ ሦስት በር። ሐመልማል ያለመሪ ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን መግባት የቻለችው በዚያ ገመድ ነው። ማዕከሉ እንጦጦ ከወጣ ክንዷን ይዞ የሚጎትታት ሰው እስኪገኝ ቤት ቁጭ ማለት ነው። ከገመዱ በፊት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቁጭ ብላለች።

«የእንጦጦ አየር መድኃኒት ነው» አሉ ወልደ ሐዋርያት። «እይታውስ! አዲስ አበባ በሙሉ ከእግርህ ሥር!»

«ለማን ነው የሚታየው፣ ጋሼ?» አለ ሙዘይን።

«ለእንግዶች ነዋ!»

ጂቱ ቃሉን ሐመልማል መዳፍ ላይ አደረሰችላት፤ መልሷንም ጮክ ብላ ተናገረች። «እንግዶቹ ወጥተው ይዩ፤ እኔ ገመዴን አልለቅም ትላለች።»

ሰብሳቢው ግን ስማቸው የተቀረጸበትን የመሠረት ድንጋይ አስቀድመው እንጦጦ አስወጥተዋል። ሸዋረጋ አበልጃቸው ናቸው፤ ጉርድ ሾላ ቢሮ ያለው ጠበቃው ማቲዎስ የእህታቸው ልጅ ነው። ሁለቱም «እንደግፋለን» ብለው ቃል ገብተዋል። ሦስት ለሁለት፣ ያለቀ ነገር ነበር። ወልደ ሐዋርያት ግን ሰባ ዓመት ኖረዋል፤ የዘመድ ቃል ምን እንደሚያወጣ ያውቃሉ።

ጂቱ ወጣች። አራቱ ፊታቸውን አዞሩ። ሸዋረጋ ሄደው ተመለሱ። ማቲዎስ ሄዶ ተመለሰ። ወልደ ሐዋርያት ሄዱና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት። ቀጣዩ ሙዘይን ነበር። ወልደ ሐዋርያት እዚያው ጥቂት ቆዩና ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተፈጸመ! ዙሩ!» ብለው አጨበጨቡ።

«ምኑ ነው የተፈጸመው? እኔን ማን ነካኝ?» አለ ሙዘይን።

«ነክቼሃለሁ፤ ሄደሃል፤ ተመልሰሃል።»

«ወላሂ ከዚህ ግድግዳ ንቅንቅ አላልኩም!»

«ማን አየ? ሸዋረጋ፣ ሲሄድ አይተሽዋል?»

«እኔ ያየሁት ግድግዳ ነው።»

«ማቲ?»

«እኔም ግድግዳ ነው፣ አጎቴ።»

«በቃ! የቀረችው ምስክር አታይ፣ አትሰማ!»

ሙዘይን ኮሌታቸውን ጨምድዶ ከፋይል ሳጥኑ ጋር አላተማቸው። የወልደ ሐዋርያት ጉልበት አርጅቷል፤ ከዘራቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው፤ የሙዘይንን ጆሮ ግንድ አገኘው። ደሙ እስከ አንገቱ ወረደ። ማቲዎስ «በሕግ አምላክ!» እያለ መሃል ሲገባ ሙዘይን በክርኑ አፉን አለው፤ አንድ ጥርስ አጀንዳው ላይ አረፈ፣ ተራ ቁጥር ሁለት ላይ። ሸዋረጋ ጫማቸውን አውልቀው በተረከዙ የመጣውን ሁሉ ይቀጠቅጣሉ፤ ከመጣውም ውስጥ ሁለት ጊዜ አበልጃቸው ነበሩ።

ሐመልማል የወለሉን መንቀጥቀጥ በእግሯ፣ የጠረጴዛውን በክርኗ አዳመጠች። ከዚያ በሁለት ቡጢ ጠረጴዛውን ነረተችው። ጂቱ በሩን በርግዳ ገባች፤ መዳፏንም ሰጠቻት።

«ሦስተኛውና አራተኛው እጅ የአንድ ሰው ነው ትላለች» አለች ጂቱ። ድብድቡ ባለበት ቆመ። «መጀመሪያ ቀኝ መጣ፣ ቀጥሎ ግራ። ሁለቱም በአንድ ላብ ርሰዋል። ሁላችሁም እጃችሁን አምጡ፤ ሁለት ሁለቱን።»

ወልደ ሐዋርያት ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ይሄ የድምፅ ምስጢርን መድፈር ነው!»

ሙዘይን የግራ እጃቸውን ከነኪሱ ቀድዶ አወጣና መዳፏ ላይ ጣለው። ሐመልማል ዳሰሰችው። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሌባ ጣቱን ጨበጠች።

ሰብሳቢው ጎተቱ፤ አልለቀቀችም። ከዘራው ጉንጯ ላይ አረፈ። አልለቀቀችም። ሁለተኛው ከንፈሯን ተረተረው፤ ደም አገጯ ላይ ተንዠቀዠቀ። ያን ጊዜ ጣቱን ወደ ኋላ አጠፈችው፤ እንደ ደረቅ ባሕር ዛፍ ጭራሮ ቀጭ አለ።

«ልቀቂኝ! በማርያም ልቀቂኝ!»

የጂቱ ሥራ የተባለውን ሁሉ ማድረስ ነው፤ አደረሰች። ሐመልማል በባዶ እጇ መለሰች።

«ገመዴን እንደማይነኩ ይማሉልኝ ትላለች።»

«አልነካም! አልነካም! እግዜር ምስክሬ ነው!»

ይህም ደረሳት። ለቀቀች።

ሙዘይን በደም የራሰ ቡጢውን መዳፏ ላይ አኖረ። ሐመልማል ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠርጋ ውጤቱን አሳየች፤ የተዘረጋ ሁለት፣ የተጨበጠ ሦስት።

ወልደ ሐዋርያት የተሰበረ ጣታቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው አሰሉ። አንዱ ቡጢ የሷ ነው፣ አንዱ የሙዘይን። «ሦስተኛው የማነው?»

«በክርስትና ልጃችን፣ እኔ አይደለሁም!» አሉ ሸዋረጋ፣ ጫማቸውን እንደያዙ።

«በእናቴ፣ እኔም አይደለሁም» አለ ማቲዎስ በጎደለው ጥርሱ።

«እሷ ታውቃለች፤ ጠይቂያት!»

ጂቱ ጠየቀች።

«የሰረቀን እንጂ ድምፅ የሰጠን አላጋልጥም ትላለች።»

አበልጅና የእህት ልጅ ተያዩ። ሸዋረጋ ጫማውን ከፍ አደረጉ፣ ማቲዎስ ወንበር አነሳ፤ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ።

ሐመልማልና ጂቱ ወጡ። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ጂቱ መታገሥ አቃታት፤ መዳፏ ላይ፣ «ለኔ ብቻ ንገሪኝ፣ ማነው?» አለቻት።

ሐመልማል በተሰነጠቀ ከንፈሯ ሳቀች። የጂቱን አገጭ ያዘችና ፊቷን ቀስ አድርጋ ወደ አጥሩ አዞረችው። ከዚያ ገመዷን ጨብጣ፣ በየቋጠሮው ላይ የደም አሻራ እየተወች፣ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።