ከጓሮ የጠፋው ምሳ

እትዬ ሞልቶን እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ሰው የለም። ድስታቸው ጎድሎ ስለማያውቅ ጎረቤት «ሞልቶ» አላቸው፤ በዚያው ቀረ። እሳቸውም ተቆጥተው አያውቁም። ማን በሙገሳ ይቆጣል?

የድስቱ ምስጢር ጓሯቸው ነው። ከማድ ቤቱ በር እስከ አጥሩ ድረስ በቆሎ ይዘራሉ። በበቆሎው መሃል ቦሎቄ ይሸጉጣሉ፤ ቦሎቄው አገዳውን ተንጠላጥሎ ይወጣል። ከሥር ደግሞ ዱባው እየተንፏቀቀ መሬቱን ያለብሰዋል፤ ጎመኑ ዳር ዳሩን ነው። የዕቃ እጣቢው ሁሉ ወደዚያ ስለሚፈስ ጓሮው ከሰፊው ማሳ ቀድሞ ይደርሳል። ሴትዮዋ ባዶ መሬት ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል፤ አንድ ፍሬ ሳይቀብሩ አያልፉም።

እንግዲህ የእኚህ ሴት አንዲት ልጅ ነርስ ናት። ነርሷም አንድ ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ወጣት ወደደችና ታጨች። ሠርጉም ከአዝመራ በኋላ ተቆረጠ። ልጁ ምን ጎደለው? ምንም! ሥራው ብቻ ነው ነገር ያመጣው። አዲስ ዘርና አዲስ ፀረ አረም የሚያስተዋውቅ የአንድ ድርጅት ወኪል ነው።

ዘሩ ያው በቆሎ ነው፤ ግን ላቦራቶሪ ገብቶ፣ ዘረ መሉ ተነካክቶ፣ መርዙን እንዲችል ተደርጓል። መርዙ ሲረጭ በቆሎው ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ሌላው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት ደግሞ ክልክል ነው፤ በየዓመቱ ከድርጅቱ ይገዛል። እትዬ ሞልቶ ይህን ሲሰሙ «ለከርሞ የማይቀር ዘር ምኑን ዘር ሆነ?» አሉ። አሉ ስል በሆዳቸው ነው። አማች ነው፤ በምን አፋቸው ይናገሩታል!

የሰፈሩ የገበሬዎች ማኅበር አንድ ደንብ አለው። ማሳዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ ነፋስ ድንበር አያውቅም፤ ስለዚህ አዲስ መርዝ የሚገባው አባላቱ በሙሉ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንድ ሰው እምቢ ካለ ቀረ፤ ከድምፁ በፊት በትንሽ ማሳያ መሞከር ግን ይፈቀዳል። ብዙዎቹ ወደ እሺታው አዘንብለዋል። አረም ማረም ወገብ ይቆርጣል፤ እረፍት የሚጠላ ማን አለ? የቀሩት እትዬ ሞልቶ ነበሩ። እሺ ካሉ ጓሯቸው አለቀለት፤ የእሳቸው ቢተርፍ እንኳ የጎረቤት መርዝ በነፋስ ይመጣበታል። እምቢ ካሉ ደግሞ የልጃቸው ትዳር ገና ሳይጀመር ሊቀዘቅዝ ነው። እንቅልፍ አጡ።

«እማዬ፣ ለማሳያ የምትሆን ትንሽ መሬት ቢሰጡኝ?» አላቸው ልጁ በዘር ወቅት።

እምቢ ማለት አቃታቸው። ለእንግዳ ደግሞ ጥጋጥግ አይሰጥም ብለው ምርጡን፣ ማድ ቤቱ ሥር ያለውን፣ ሰጡት። ልጁ በቆሎውን በመስመር ዘርቶ ሄደ። በማግስቱ ግን በመስመሩ መሃል ያለው ባዶ መሬት ዓይናቸውን ወጋቸው። ምን አለፋችሁ፣ እንደ ልማዳቸው ቦሎቄና ዱባ ሸጎጡበት! ማሳያ መሆኑ ጭራሽ ትዝ አላላቸውም።

ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ልጁ የመርጫ ፓምፑን በጀርባው አዝሎ መጣ። ቦሎቄውን አይቶ ሳቀ።

«አይጨነቁ እማዬ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ያውቃል» አላቸው።

አወቀ! ብዙም ሳይቆይ ቦሎቄው ተኮማተረ፣ ዱባው ጠወለገ፣ ነፋስ መርዙን እስከ አጥሩ ስላደረሰው የቀረው ጓሮ ሁሉ፣ ጎመኑ እንኳ፣ ነጥቶ ተኛ። እትዬ ሞልቶ በሩ ላይ ቆመው «ወይኔ ጉዴ!» አሉና እንባቸውን ዋጥ አደረጉት። ለልጃቸው ሲሉ ነው።

የማኅበሩ ስብሰባ በየተራ በአባላት ቤት ነው፤ ምሳውም ከባለቤቱ ጓሮ። ከሱቅ የተገዛ ማቅረብ ነውር ነው። ሰው የዘራውን ያብላ፣ እኛም ቀምሰን እንወቅለት ነው ነገሩ። ያን ጊዜ ተራው የእትዬ ሞልቶ ሆነ። አባላቱ ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ መጡ፤ የእሳቸው ምሳ እያለ በቁርስ ሆዱን የሚሞላ ሞኝ ማን ነው?

ማድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ውሃ ብቻ የሚፈላበትን ድስት ከበው ቆመዋል። የሰፊው ማሳ ቦሎቄ ገና አበባ ነው፤ የልጁ በቆሎም ገና አላፈራም።

«እማ፣ ሮጥ ብዬ ዳቦ ልግዛ?» አለች ነርሷ በሹክሹክታ።

«ደንቡስ?»

«ታዲያ ድንጋይ እንቀቅል?»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!» አሉ እትዬ ሞልቶ በራሳቸው ተናደው። «ያን መሬት ማን ስጪ አለኝ?»

ውጭ ልጁ ለአባላቱ ያስረዳል። «ተመልከቱ! አንዲት አረም የለችም!» እውነቱን ነው። መሬቱ እንደ ተጠረገ ሳሎን ጸድቷል፤ በቆሎው ብቻ ተሰልፎ ቆሟል። አባላቱ አጨበጨቡ። ሊቀ መንበሩም «በሉ፣ መጀመሪያ ምሳችንን እንብላ፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን» ብለው ወደ ቤት መሩ።

ጡረተኛው ሾፌር፣ ለሆዱም ለቀልዱም የማይታማ ጎረቤት፣ ከሁሉ ቀድሞ የድስቱን ክዳን አነሣ።

«ኧረ! ውሃ?» አለ። «እትዬ ሞልቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ የለም እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የእትዬ ሞልቶ ፊት ግን በርበሬ መሰለ። በዕድሜያቸው እንግዳ ፊት ባዶ ድስት አቅርበው አያውቁም። አሞኝ ነው ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ ጠጋ ብላ ትከሻቸውን ያዝ አደረገች።

«ምሳችሁ ሲጠፋ አይደል አሁን ያጨበጨባችሁት?» አሉ እትዬ ሞልቶ። «ቦሎቄውም፣ ዱባውም፣ ጎመኑም እዚያው ነበሩ። አረም ተብለው ሄዱ።»

ሳቁ ቆመ። ሾፌሩ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። ሊቀ መንበሩ ወደ መስኮቱ ሄደው ያን የጸዳ መሬት እንደገና አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እማዬ፣ እርስዎ እኮ በመሃሉ ባይዘሩበት ኖሮ…» ብሎ ጀመረ ልጁ።

«ልጄ» አሉት። «ድስቴ የሚሞላው በዚያው በመሃሉ ነው። አንተን እወድሃለሁ፤ ውሸት የለውም። ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ጓሮዬን ግን አልሰጥህም። እምቢ ብያለሁ!»

በቃ፣ የልጄን ትዳር በገዛ አፌ አፈረስኩት አሉ በሆዳቸው።

«እኔም እምቢ!» አለ ሾፌሩ ክዳኑን ከፍ አድርጎ። «በባዶ ሆድ እሺ አይባልም!»

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው፤ እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ሊቀ መንበሩም ያነሡትን እጃቸውን ሲያዩ የራሳቸው መሆኑን የተጠራጠሩ ይመስሉ ነበር።

ልጁ ፀጉሩን አከከ። «ለአለቃዬ አሁን ምን ልበለው?»

«አረሙ ጠፍቷል፣ ምሳውም ጠፍቷል በለው» አለች ነርሷ።

ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ላለመሳቅ ከንፈሩን ቢነክስ ቢነክስ አልሆነለትም። ሾፌሩ ከራሱ ጓሮ የተገኘውን ሊያመጣ ወጣ። ልጁ ግን እትዬ ሞልቶ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠና፣ ያፈረ ሕፃን ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማዬ፣ ለሠርጋችን ዱባ ይደርሳል?»

እትዬ ሞልቶ «ለሠርጋችን» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት።

«አንተ ካልረጨኸው ይደርሳል» አሉት።