ጠመኔና ፎጣ

ጥድፌን ቁጭ በል ማለት ውሃን ወደ ላይ ፍሰስ እንደማለት ነው። ስሙንም ያወጡለት የጎልፍ ሜዳው ሰዎች ናቸው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከረሱት ቆይተዋል። በዚያ ሳምንት ግን ጭራሽ ባሰበት። ዱላ በሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከመፍቻው ወደ ሙጫው፣ ከሙጫው ወደ መስኮቱ ሲል አንዲቱን ብርጭቆ ሻይ ሦስቴ አቀዘቀዛት።

«ምነው፣ ጉንዳን ገባብህ እንዴ?» አለው ሣር አጫጁ በመስኮት በኩል ሲያልፍ።

ጉንዳን ቢሆንማ በወደደ! ሱሪውን አራግፎ ይገላገል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ የሜዳው አሠልጣኝ ነው። ዘንድሮ የቀኝ ክንዱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሦስት ወር ቤት ዋለ። የሜዳው ደንብ ደግሞ ለማንም አያዝንም፤ አሠልጣኝ የሆነ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ሰው ፊት ቆሞ ዐሥር ኳስ ይመታል። ከዐሥሩ ስድስቱ ቀዩን ባንዲራ አልፈው በሁለቱ ነጭ መስመሮች መሀል መገኘት አለባቸው። ያልሆነለት ማሠልጠኑን ትቶ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣል። ቲኬት መቁረጥ ነውር ሆኖ አይደለም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲያስተምር የኖረን ሰው፣ ያስተማራቸው ሰዎች እያዩት ከዚያች ጠባብ መስኮት ጀርባ ማስቀመጥ በቁሙ መቅበር አይደለም ትላላችሁ? ፈተናው ደግሞ ነገ ጠዋት ነበር።

በፈተናው የሚመታው በድራይቨር ነው፤ ከዱላዎቹ ሁሉ ረጅሙ፣ ኳስ አርቆ ለመላክ የተሠራው። ወንድሙ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥለት ለጥድፌ አደራ ብሎት ነበር፤ ጥድፌም እንደ ልማዱ ሲሮጥ ሳይሆን፣ ለአንዴ እንኳ ተረጋግቶ አወዳደራቸው። የዱላዎቹን ፊት በጠመኔ ይቀባል፣ ይመታል፣ ኳሷ ጠመኔው ላይ የተወችውን ክብ ምልክት ያያል፣ ከዚያ ሜዳውን በእርምጃ ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ጥቁሩ ድራይቨር የፊቱን መሀል ሲመቱበት ሁለት መቶ ሠላሳ ሜትር ይልካል፤ ጉድ ነው! ታዲያ ሁለት ጣት ያህል ወደ ተረከዙ፣ ማለትም ወደ እጀታው በኩል ሲስቱበት፣ ኳሷ ተጣማ ዛፎቹ ውስጥ ትገባለች። ግራጫው ጭንቅላቱ ሰፊ ነው። መሀሉን ሲመቱት ሁለት መቶ ዐሥር፣ ከዚያ አያልፍም። ሲስቱበት ግን ይችላል፤ ትንሽ ያሳጥር እንደሆነ እንጂ ኳሷን እምብዛም ከመስመር አያስወጣም።

ወንድሙ ደብተሩን አየና ሳቀ። «ጥቁሩን ነዋ! እኔ እንደሆንኩ መሀሉን ነው የምመታው። ራስህ አይደለህ የነገርከኝ?»

አዎ፣ ራሱ ነው የነገረው። ጉዱም እዚህ ላይ ነው።

ጥድፌ ዱላ ከመጠገኑም በላይ የወንድሙ ካዲ ነው፤ ዱላ ተሸካሚው። ወንድም ይመታል፣ ዱላውን ሳያየው ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ጥድፌ ይቀበልና በወገቡ ባንጠለጠለው ፎጣ ጠርጎ ይመልሳል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ወንድም የሰው ዓይን ፈርቶ፣ ከጥገና ክፍሉ ጀርባ ባለው መረብ ላይ ብቻ ነበር የሚለማመደው። መረብ ደግሞ ኳሷን አምስት እርምጃ ላይ ይውጣታል፤ የት ልትሄድ እንደነበር ማን ያውቃል? ድምፁንም የጣሪያው ቆርቆሮ ያምታታዋል። ዱሮ ቢሆን መዳፉ ይነግረው ነበር፤ አሁን ግን ጣቶቹ ደንዝዘዋል። ስለዚህ ዱላውን ወደ ኋላ እየዘረጋ ይጠይቃል፦ «የት መታሁት?»

የመጀመሪያው ቀን ምልክቱ ተረከዙ ላይ ነበር። ጥድፌ አየው፣ ጠረገውና፣ «መሀሉን!» አለ። የወንድሙ ፊት ሲበራ ብታዩት እናንተም ትዋሹ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የከረመው ሰው በዚያ ቀን ቀልድ ቀለደ፣ ምሳውን ጨርሶ በላ። በሁለተኛውም ቀን ተረከዝ፤ «መሀሉን!»። በሦስተኛውም፤ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሞላ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? ደግ ሠራሁ ሲል ወንድሙን ለጥቁሩ ድራይቨር ዳረገው።

ከሰዓት በኋላ የወንድሙ ሚስት ለነገ የተተኮሰ ሸሚዝ በመስቀያ ይዛ መጣችና የክፍሉ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ባሏ መረቡ ጋ ክንዱን ሲያፍታታ፣ እሷ ወደ ጥድፌ ጠጋ አለች።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» አለችው። «መሀሉን መታሁት እያለ በእንቅልፍ ልቡ ሁሉ ያወራል እኮ! እድሜ ይስጥህ።»

«እትዬ፣ ተይ እባክሽ።»

«ምኑን ነው የምተወው? ሲያመሰግኑህ ደስ አይልህም ደግሞ!» ብላ ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ሄደች።

ምርቃቷ እንደ እርግማን ነው የወረደበት። መፍቻውን አነሣ፣ አስቀመጠ። ያስቀመጠውን ፈለገ። ዝም ቢል ወንድሙ ነገ በሰው ፊት ይዋረዳል። ቢናገር ዛሬውኑ ይሰበራል፤ ደግሞም በእሱ በጥድፌ እጅ። በተዘዋዋሪ ልሞክር ብሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ግራጫው አይሻልም? ለማንኛውም ብዬ ነው።»

«ለማንኛውም ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ወንድሙ ጥቁሩን እያነሣ። «ግራጫው መሀሉን ለሚስት ሰው ነው። የምስት ከሆነ ንገረኝ።»

በቃ። ከዚህ በላይ በር አይከፈትም። ጥድፌ ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ የዱላውን ፊት ቀባ፤ ወንድሙም ቆመ፣ መታ፣ እንደ ልማዱ ዱላውን ወደ ኋላ ዘረጋ።

የሚቀበለው አጣ።

«ያዝ እንጂ!»

ጥድፌ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ እጁን ካላሰረው ፎጣውን እንደሚመዝ ያውቃላ። «ራስህ እየው ጋሼ» አለ።

ወንድሙ ዱላውን አዙሮ አየ። ነጩ ጠመኔ ላይ ክቡ ምልክት ተረከዙ ጋ፣ ጠርዙን ሊወጣ ትንሽ ቀርቶት ተቀምጧል። ጠመኔውን ከጥድፌ ተቀበለና ራሱ ቀብቶ እንደገና መታ። ተረከዝ። እንደገና። ተረከዝ። አምስት ጊዜ መታ፤ ምልክቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተነባበሩ።

«ዛሬ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

«አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ወንድሙ ቀስ ብሎ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «መዳፌ ከድቶኛል» አለ፣ «አንተን ዓይኔ ብዬ ያዝኩህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገደል አፍ ድረስ እየመራህ፣ በርታ በርታ ትለኛለህ? ያን ቀን ነግረኸኝ ቢሆን እኮ ሦስት ሳምንት ነበረኝ! አሁን ምን አለኝ? አንድ ሌሊት!»

«ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«ልቤን ማን ጠይቆህ! ክንዴ ነው የታመመው!»

ጥቁሩን ዱላ ሣሩ ላይ ጣለውና ሄደ። ሸሚዙ እንኳን ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ጥድፌ በነጋታው ከሁሉ ቀድሞ ሜዳው ላይ ተገኘ። ሸሚዙን ይዞ በሩ ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ መስመሩን ያያል፣ ባንዲራውን ያያል፣ እንደገና ወደ በሩ። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቷን ይዛ መጣች፤ ሌሎቹ አሠልጣኞችና ሣር አጫጁም መጡ። ወንድሙ የለም። ሴትየዋ ሰዓቷን ሁለቴ አየች፤ ጥድፌ እንዳይቀር ሲለምን፣ ወዲያው ደግሞ ምነው በቀረ እያለ ሲመኝ፣ ወንድምዬው በሩን አልፎ ብቅ አለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሸሚዙን ተቀብሎ ለበሰና እጁን ዘረጋ።

«ግራጫውን።»

ሰጠው።

«ጠመኔውንም።»

ሰው ተንሾካሾከ። አሠልጣኝ፣ ያውም አንጋፋው፣ በፈተና ቀን እንደ ጀማሪ ጠመኔ ሲቀባ ማን አይቶ ያውቃል? እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀባ፣ መታ። ኳሷ ከባንዲራው ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ዱላውን ወደ ኋላ አልዘረጋም። ወደ ፊቱ አምጥቶ አየው፤ ተረከዝ። ከኳሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ደገመ፤ ይህችኛዋ ከነጩ መስመር ወጣች። አሁንም ምልክቱን አየ፣ አሁንም እግሩን በጣት ያህል አስተካከለ። ሦስተኛዋ ባንዲራውን አልፋ መሀል ሜዳ ላይ ዐረፈች፤ አራተኛዋም። ጥድፌ በሆዱ ይቆጥራል፤ በሦስት ኳስ የተማረውን በሦስት ሳምንት ምን በተማረ ነበር እያለ ቆሽቱ ያርራል። ስድስተኛዋ ከሸፈች። ክንዱ እየደከመ መጣ፤ ስምንተኛዋም አጠረች። ከዘጠኝ አምስት።

የመጨረሻዋን ሲመታ ገና ከድምፁ ጥድፌ ዓይኑን ጨፈነ። ከፍም አላለች፤ መሬት ለመሬት፣ እንደ ተባረረ ዶሮ እየተንደረደረች ሄደች። ዓይኑን ሲገልጥ ገና ትንከባለላለች። በጥቁሩ ቢሆን ይሄኔ ዛፍ ውስጥ ናት። ባንዲራው ጋ ደረሰች፣ አለፈች፣ አንድ ክንድ ያህል አልፋ ተኛች።

«ስድስት» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ እየጻፈች። «እንኳን ደስ ያለህ። ቆንጆ ምት ነበር።»

«የምን ቆንጆ!» አለ ወንድሙ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። የዱላውን ፊት ወደ እሷ አዞረላት። «ተረከዙን ነው የመታሁት። እይው። ዱላው ነው የቻለኝ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጥድፌ እንባው መጣ፤ እጁ ግን ሳያስበው ፎጣው ላይ ነበር። ወንድሙ አየው። ወደ እሱ መጣና ፎጣውን ከወገቡ ላይ መዘዘ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ እጠርገዋለሁ» አለ። «አንተ የምታየውን ብቻ ንገረኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

እዚያው ቆሞ ጠረገ። ጠርጎም አያውቅ! ፎጣውን አገላብጦ በደረቁ ጎን ያሻሸዋል፣ የመሀሉን ትቶ የዳሩን ያለፋዋል፤ ጨረስኩ ሲል ጠርዙ ላይ ያለው ጠመኔ እንዳለ ነው። ጥድፌ ጣቶቹን ይበላው ጀመር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ምንድን ነው? ንገረኝ እንጂ» አለው ወንድሙ።

«አልጠራም» አለ ጥድፌ፣ «ተረከዙ ጋ ቀርቷል።»

ወንድሙ ዱላውን አገላብጦ አየና እንደገና መጥረግ ጀመረ። ጥድፌም ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።