ማሽኑን ሆኜ

ዘጠኝ ቁጥር አጠገብ IX ብዬ ጽፌያለሁ። ትክክል ነው። ስህተቱም ይኸው መሆኑ የታየኝ ግን ልጄን ሙሉሃብትን የጫነው የእህል መኪና ከሄደ በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ረቂቅ ሳነሳ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ነው የሚማረው። የተሰጠው ሥራ ተራውን ቁጥር ወደ ሮማውያን ቁጥር የሚለውጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ላሊበላ ኮምፒዩተር ከየት ይመጣል? «እማዬ፣ አንቺ ማሽኑን ሁኚ» አለኝ። «ትእዛዙን ብቻ ተከተይ፤ እንዳታስቢ።»

ትእዛዙ ቀላል ነው። ቁጥሩ አሥር ከሞላ X ጽፈሽ አሥር ቀንሺ፤ አምስት ከሞላ V ጽፈሽ አምስት ቀንሺ፤ ለቀረው ለእያንዳንዱ I ጻፊ። በዚህ መንገድ ዘጠኝ የሚወጣው VIIII ሆኖ ነው። እኔ ግን ተማሪ ቤት የለመድኩትን IX ሳይታወቀኝ ጻፍኩለት። አራትንም እንዲሁ። «ይሠራል!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ትእዛዙን የገለበጠበትን ወረቀት አጠፈ።

ባለፈው ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። አሁን ከወደቀ ይባረራል። የተባረረውን ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። የጎረቤቴ ልጅ አረጋ ከሄደበት አልተመለሰም፤ እናቱ እስካሁን ጥቁር አላወለቀችም።

አራትና ዘጠኝ የየራሳቸው ትእዛዝ እንደሚያስፈልጋቸው ጽፌ ሮጥኩ። ሾፌሩ አለሜ ሁለተኛውን የእህል መኪና ሊያስነሳ ሲል ደረስኩበት።

«እትዬ አሰለች፣ X እና V የሞላበት ወረቀት ይዤ፣ የምስጢር መልእክት ነው ተብዬ ኬላ ላይ ልሰቀል?»

«እንግዲያው በቃልህ ንገረው። ጋሸና መገንጠያው ላይ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያድራል። ‹አራትና ዘጠኝ ጠፍተዋል፤ የደበቀችብህ እናትህ ናት› በለው።»

«ይሄማ ከወረቀቱም ይብሳል!» እየሳቀ ሄደ።

ቀኑን ሙሉ መኪናው ሲገለበጥ፣ አለሜ ሲታሰር፣ የልጄ ጠጉር ሲላጭ ታየኝ። ራት ለሁለት ሰው ሠራሁ። ተመልሶ እዚሁ ያርመው ይሆናል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሲመሽ አለሜ ብቻውን መጣ።

«አገኘሁት፣ እትዬ። መጀመሪያ አልገባውም፤ ኋላ ራሱን ይዞ ጮኸ። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ አረመው። ‹ማሽኑ እንዳንቺ አያዝንልኝም በላት› ብሏል።»

«በልቷል?»

«በልቷል።»

«ደርቦ ነበር? ጋሸና ይበርዳል።»

«የእኔን ጋቢ ወስዶብኛል፤ ይበቃል?»

ራት ባቀርብለት ቤቱ እየጠበቁት ነውና ቆሞ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ወጣ። የልጄን ድርሻ ከደንኩት። በሩ አሁንም ገርበብ እንዳለ ነው። ጥቂት አየሁትና ገፍቼ ዘጋሁት፤ ቀረቀርኩት።