ስም ሲጠራ የሚሰግደው ቤዝ

አምና የተሸነፍነው በጉልበት አይደለም። የድምፅ ሳጥኖቻችን ከቦዩ ማዶ ካሉት ሳጥኖች በቁመትም በወርድም ይበልጣሉ፤ ሲጫኑ ትራክተሩ ያቃስታል። የተሸነፍነው በአክብሮት ነው።

በየዓመቱ የመሣሪያና የእጅ ሥራ አምላክ ቢሽዋካርማ በሚከበርበት ዕለት፣ ወደ ማታ ግድም፣ የኛ ክለብና የማዶው ክለብ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የድምፅ ሳጥኖቻቸውን ፊት ለፊት ይደረድራሉ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሙዚቃ እኩል ይለቃሉ። መሀል ላይ ዳኛው መምህር ፖሬሽ ይቆማሉ። መምህር ፖሬሽ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው ከረጅም ዘመን ዳኝነት በኋላ ጆሯቸው ጨርሶ ስለማይሰማ ነው። ማን ምን ብሎ ቢያወድሳቸው አይገባቸውም። የሚፈርዱት በደረታቸው ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱንም ምት ለየብቻ ያጠኑታል፤ ከዚያ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። የየትኛው ወገን ቤዝ፣ ያ ወፍራሙ የታች ድምፅ፣ ደረታቸውን እስከ መጨረሻው ከያዘ፣ ወደዚያ ወገን ይጠቁማሉ። ይግባኝ የለም።

አምና ምታችን ደረታቸው ላይ ቤቱን ሠርቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሙዚቃው መሀል አንድ የተቀዳ ድምፅ ብድግ አለና «ማ ሺቶላ ሳውንድ! ባለቤት፣ ጎበርዳን ሳማንታ!» ሲል ጮኸ። በዚያች ቅጽበት ከበሮውም ዋሽንቱም ቤዙም አንገታቸውን ደፉ። የማዶው ቤዝ በተከፈተለት በር ሰተት ብሎ ገባ። የኛ ቀና ሳይል ደግሞ የክለቡ ሊቀመንበር ስም ተጠራ። ከዚያ የጣፋጭ ቤቱ ባለቤት። ከዚያ አንድ ዓመት ለድግሳችን አበባ ጎመን የሰጠ ሰውዬ። ሙዚቃችን ለእያንዳንዳቸው ሲሰግድ ሲነሳ፣ መምህር ፖሬሽ ወደ ማዶ ጠቆሙ።

ሰፈሩ ሁሉ «ካካ»፣ አጎት፣ የሚላቸው ጎበርዳን የሳጥኖቹ ባለቤት ናቸው። ለሠርግ ያከራያሉ፤ ለክለባችን ውድድር ግን በነፃ ይሰጣሉ፤ ክፍያቸው ስማቸው ነው። ሽንፈቱን በሙዚቃው አሳበቡና በክለቡ ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«ዘንድሮ ከተሸነፍን ሙዚቃውን ከኮልካታ አሠራለሁ። ኬያም ላፕቶፑን ትመልስልኛለች።»

ኬያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሚታኘከውን የፓን ቅጠል አብቃዩ የጆና ልጅ ናት፤ ፊዚክስ ተምራ ተመርቃለች፤ የክለባችንን ሙዚቃ የምትሠራው እሷ ናት። ላፕቶፑ የካካ ነው። እሱ ከሄደ የሚቀራት ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ልጆች ስለ ተዳፋት ወለል ማስረዳት ነው፤ ይህንንም የምትሠራው ልጆቹን እየወደደች ወለሉን እየጠላች ነው።

«ይሁን» አለች። «ግን እስከዚያ ማንም እጁን እንዳያስገባ።»

በማግስቱ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የክለቡ የባህል ጉዳይ ጸሐፊ ስለሆንኩ እጄን ሳላስገባ መቀመጥ ሥራዬ ነው። ፋይሉን ከፈተችው።

ስለዚህ ፋይል አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መጀመሪያ ያሸነፍንበት ዓመት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ዕድለኛ ነው። ዕድለኛ ስለሆነ ማንም አዲስ ፋይል አይጀምርም፤ በየዓመቱ እላዩ ላይ ይጨመርበታል። ዕድሉ የትኛው መስመር ላይ እንደተቀመጠ ስለማይታወቅ የሚቀነስ የለም። በዚህ ሁኔታ አሥር ያህል ዓይነት ከበሮዎች፣ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ዋሽንት፣ የሦስት ትውልድ ቤዝ፣ የሞቱና በሕይወት ያሉ የለጋሾች ስም ተደራርበው ይኖራሉ። አንዳቸውም መለያ የላቸውም።

«ይሄ የድምፅ ማደባለቂያ ሚክሰር አይደለም» አለችኝ ኬያ፣ ማያ ገጹን እያሳየችኝ። «የሚኒስትር ቢሮ በር ነው። ከበሮውም፣ ጭብጨባውም፣ የካካም ስም፣ ሁሉም ጉዳዩን ይዞ ዋናው በር ላይ ተኮልኩሏል። ዘበኛው ደግሞ ስም በሰማ ቁጥር ሁሉንም ባንድነት ‹ቁጭ በሉ› ይላል።»

«ዘበኛውን ማን ቀጠረው?»

«ካካ። ‹ስሜ ሲጠራ ከበሮ አይጮህም› ብለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይሰለፋሉ። ከበሮ ከከበሮ ጋር፣ ቤዝ ለብቻው፣ ዜማ ከዜማ፣ ጭብጨባና ፉጨት አንድ ላይ፣ ስም ከስም ጋር። እያንዳንዱ ቡድን መጀመሪያ እርስ በርሱ ይስማማል፤ ከዚያ ወደ ዋናው በር የሚሄድ አንድ ተወካይ ይኖረዋል።»

«ይሄማ የኛ ክለብ ነው።»

«የኛ ክለብ ተወካይ ብቻ ነው ያለው፣ ዲፑ ዳዳ» አለችኝ፤ ዳዳ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። « አባል የለውም።»

ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ሠራች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮ ማዳመጫዋን አጥብቃ ትቀጥላለች፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ትሠራና ጎረቤት ሄዳ ትሞላለች። እናቷ «የሚያገባሽ ሰው ጆሮ ደንቆሮ መሆን አለበት» ስትላት «መምህር ፖሬሽ ሚስት አላቸው፣ ምን ላድርግ» ትላለች። እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ታዳምጣለች፣ ስም ትሰጠዋለች፣ ቀለም ትቀባዋለች፣ ቡድኑ ውስጥ ታስገባዋለች። የሦስቱ ትውልድ ቤዞች አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ እርስ በርስ ሲጠፋፉ እንደኖሩ ደረሰችበት። ሁለቱን ዘጋቻቸው። የቀረው አንዱ ብቻውን ሲለቀቅ መደርደሪያው ላይ ያለው የሰናፍጭ ዘይት ጠርሙስ በራሱ ፈቃድ ጉዞ ጀመረ።

ጎበርዳን ካካ አንድ ቀን የፈካ ሩዝና የኤግፕላንት ጥብስ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። አቀራረባቸው የሽማግሌ ነበር።

«እናቴ፣ ስሜ አለ አይደል?»

«አለ፣ ካካ። እንዲያውም የራሱ ቡድን አለው። ‹ክብር› ብዬዋለሁ።»

ካካ ደስ አላቸው። ሩዙን አቀረቡልን። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«ሲጠራ ሁሉም ዝም ይላል?»

«ዋሽንቱ ዝም ይላል። ቤዙ አይልም።»

«እንዴት? ቤዝ ከእኔ ይበልጣል?»

«ለመምህር ፖሬሽ ደረት፣ አዎ።»

ካካ ጥብሱን ይዘው ወጡ። ሩዙን ትተውልን ነው የሄዱት፤ ተስፋ ነበር ማለት ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ላይ ኬያ የመጨረሻውን ሙዚቃ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ላፕቶፑን ለክለቡ አስረከበች፤ ምክንያቱም በቢሽዋካርማ ቀን መሣሪያ ይመለካል እንጂ አይሠራበትም። ጠዋት ስንመጣ ላፕቶፑ ሜዳው ዳር በቆመው መሠዊያ ላይ፣ ከአምላኩ ምስል እግር ሥር፣ በመፍቻና በመሰርሰሪያ መሀል፣ ቢጫ አበባ አንገቱ ላይ ተደርጎለት፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ዱቄት ተቀብቶ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ከሊቀመንበራችን የበለጠ ግርማ ነበረው።

ሳጥኖቹን ሜዳው ላይ ደርድረን ፍላሹን ሰክተን ሞከርነው። ቤዙ መጣ። የኬያ ፊት በራ። ስሞቹ ተጠሩ፤ ዋሽንቱ ዝቅ አለ፣ ቤዙ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በድንገት አንድ ያረጀ፣ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ «ተጠንቀቁ! ሳማንታ መጣ!» አለ። ቤዙም መሬት ላይ ተደፋ።

ኬያ ደነገጠች። «ይሄ የማነው?»

ሁላችንም እናውቀዋለን። የጎበርዳን ካካ አባት ድምፅ ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን በእጃቸው የሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ፋይሉ ሲጀመር የመጀመሪያው የተቀዳው የእሳቸው ድምፅ ነው። ኬያ ስም የሌለውን ሻካራ ድምፅ ስትሰማ ከጭብጨባና ፉጨት ጋር ቀላቅላው ነበር፤ የድሮው ትእዛዙ ግን ከቡድኑ አልፎ፣ ከዘበኛው ጋር በቀጥታ ተጣብቆ ቀርቷል።

«ላፕቶፑን አምጡልኝ» አለች።

«አይሆንም!» ካካ መሠዊያው ፊት ቆሙ። «ዛሬ የሱ ዕረፍት ነው። ዛሬ መሣሪያ የነካ ዓመቱን ሙሉ ይሰበርበታል።»

«እሺ። ማጉያዎቹም መሣሪያ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ሳጥኖቹስ?»

«ናቸው እንጂ።»

«እንግዲያው አበባ እናድርግላቸውና ይረፉ። ለማዶዎቹም ‹በሃይማኖት ምክንያት አልመጣንም› ብለን እንላክባቸው።»

ካካ ትንሽ አሰቡ። «ሳጥኖቹ እየሠሩ አይደለም። እያመሰገኑ ነው።»

«እኔም ላመስግንበት።»

ሰው ሳቀ። ካካ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው በቀስታ የተናገሩትን እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«ታጠፊዋለሽ፣ እናቴ። ሌላ ቦታ የለኝም እኮ ድምፁ። ያኔ ስልክ የት ነበር? ያለው እዚያ ብቻ ነው።»

ኬያ ዘወር ብላ አየቻቸው። ክረምቱን ሙሉ ስም ሲሉ የሰማቻቸው ሰውዬ እኚህ አልነበሩም።

«አላጠፋም» አለች። «እስካሁን በር ላይ አቁማችኋቸው ነው የኖራችሁት፤ እኔ ወንበር እሰጣቸዋለሁ። ክብር ቡድን ውስጥ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ። ካላመኑኝ አጠገቤ ይቀመጡ።»

ካካ ጎንበስ ብለው አበባውን አነሡ። ላፕቶፑን ራሳቸው አወረዱት፤ ለአምላኩ በጆሮው የሆነ ነገር አሉት፤ ምን እንዳሉት አልጠየቅንም።

ኬያ በቀይ ዱቄት የተለወሰ ጣቷን እያንሸራተተች ፈለገች። ድምፁን ከጭብጨባው አወጣችው፣ «አባት» ብላ ጻፈችበት፣ ከዘበኛው ጋር ያገናኘውን የድሮ መስመር ቆረጠችና ክብር ቡድን ራስጌ ላይ አስቀመጠችው። ብቻውን አጫወተችላቸው። «ተጠንቀቁ! ሳማንታ መጣ!» ያለ ከበሮ፣ ያለ ዋሽንት። ከኋላው ዶሮ ትሰማለች። ካካ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮዋን ሰሟት።

«የኛ ዶሮ ናት» አሉ።

ላፕቶፑ አንዴ ከወረደ አይቀር፣ ማታ ከሱ በቀጥታ ለመጫወት ወሰንን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማዶው ክለብ አፈ ጉባኤ ቢሹ ማይኩን ጨብጦ ጀመረ።

«የወዲያ ማዶ ወንድሞች! እንደምን ዋላችሁ! ዘንድሮ ለማን ትሰግዳላችሁ? የአበባ ጎመኑ ሰውዬ ደህና ናቸው?»

የነሱ ወገን አጨበጨበ። ከኛ ወገን «ደህና ናቸው፣ ላንተ ነው ያላደሉህ!» የሚል አንድ መልስ ብቻ ወጣ፤ የተናገሩት ራሳቸው የአበባ ጎመኑ ሰውዬ ነበሩ።

መምህር ፖሬሽ የሁለቱንም ምት አጥንተው ሸሚዛቸውን ከፈቱ። እኩል ተለቀቀ።

የማዶው ቤዝ እንደ አምናው ሰፊ ነበር። የኛ ጠበብ ይላል፤ ግን አንድ ነው፣ ከራሱ ጋር አይጣላም። ካካ ከኬያ ጎን ቆመው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ማያ ገጹ ላይ አምስት ቁልፎች ብቻ ነበሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ።

«ስሜ አልተሰማም!» አሉ ካካ ጆሮዋ ላይ እየጮሁ።

«ይቺን ይያዙ» አለች፣ ክብር የተጻፈባትን እያሳየቻቸው። «የርስዎ ናት። እንዳሻዎ።»

ካካ የተሰጣቸውን ሥልጣን በሙሉ ተጠቀሙበት። ቁልፏን እስከ ጣሪያው ገፏት። ማ ሺቶላ ሳውንድ፣ ጎበርዳን ሳማንታ፣ ሊቀመንበሩ፣ ጣፋጭ ቤቱ፣ ሁሉም በሜዳው ላይ ጮኹ። ቢሹ ይህንን ሲሰማ ቤዙ የሚሰግድ መስሎት «አሁን!» ብሎ ለራሱ ሰዎች እጁን አወዛወዘ። እነሱ ያላቸውን ሁሉ ጨመሩ። ማጉያቸው ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ መነጫነጭ ጀመረ፤ ምቱ ተሰነጣጠቀ።

የኛ ቤዝ ማን እንደተጠራ አልሰማም። ኬያ ሌሎቹን አራት ቁልፎች በጣቶቿ እንደያዘች ከበሮውን በጥቂቱ ዝቅ አደረገችለት፤ ቦታ ሲያገኝ ሰፋ። «ተጠንቀቁ! ሳማንታ መጣ!» እያለ የአባት ድምፅ ከላይ፣ ቤዙ ከታች አብረው ሄዱ። የመምህር ፖሬሽ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። መዳፋቸውን ከደረታቸው አነሱና፣ አንዳች ስም ሳይሰሙ፣ ወደኛ ጠቆሙ።

ያን ማታ ስለሆነው ብዙ አልናገርም። ሊቀመንበሩ ድሉን ለአመራራቸው ሰጡት። የአበባ ጎመኑ ሰውዬ ለሚቀጥለው ዓመት ድንች ቃል ገቡ። ካካ ደግሞ ቀዩን ዱቄት አምጥተው አሁን ክዳኑን ሳይሆን ማያ ገጹን ራሱን ቀቡት፤ በትክክል አምስቱ ቁልፎች ላይ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ፋይል ዕድለኛ ነው» ብለው አወጁ። «ማንም እንዳይነካው! በየዓመቱ እላዩ ላይ ትጨምሪያለሽ፣ በቃ። ላፕቶፑም እስከፈለግሽው ያንቺ ነው።»

ኬያ አመሰገነች። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ማያ ገጹን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ያለው ፋይል ባዶ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አንድም ድምፅ የሌለበት።

ወዲያው ካካ የፈካ ሩዝ ይዘው ከች አሉ። አዩት። ጋዜጣው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

«ፋይላችን የታለ?»

«አለ፣ ካካ። በደንብ ተቀምጧል፣ አባትዎም እዚያው አሉ። ለርስዎም ስልክ ላይ ገልብጬልዎታለሁ፣ ከነዶሮዋ።»

«ይሄስ ምንድነው?»

«የሚቀጥለው ዓመት።»

«ግን ያኛው ዕድለኛ ነው እኮ!»

«የማዶዎቹም ሰምተውታል። ከዛሬ ጀምሮ እየኮረጁት ነው።»

ካካ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሩዙን መሀላችን ዘረጉ። ባዶውን ማያ ገጽ እያዩ ጥቂት ካኘኩ በኋላ ጎንበስ አሉ።

«እናቴ፣ ስሜ የትኛው ላይ ነው የሚገባው?»

«ከበሮው ይቅደም» አለች ኬያ፣ ጆሮ ማዳመጫዋን እያጠለቀች።