የአድማሴ ቀኝ እግር

ቀኝ ባቱን ጨምድዶ ሲይዘው አድማሴ እንደ ልማዱ በጎረቤቱ በእንግዳው የሩዝ ማሳ ድንበር ላይ ቆመና አጎንብሶ ችግኝ የሚያይ መሰለ። ሕመሙ ከቤቱ ወጥቶ ልክ እዚህች ጥግ ሲደርስ ነው የሚነሣበት። ትንሽ ከቆመ ይለቀዋል፤ ያንኑ ያህል እንደ ሄደ ደግሞ ይመለስበታል። ሁለተኛው መቆሚያው ወንዝ ዳር ስለሆነ እዚያ ፊቱን ይታጠባል። እዚህ ግን ከሰው ችግኝ በቀር ሰበብ የሚሆን ነገር የለም።

«አያ አድማሴ፣ ዛሬም ቆምህ?» አለ እንግዳው ከማሳው ማዶ ቀና ብሎ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ነበር።

«ችግኝህ ደኅና ይዟል ብዬ ነው።»

«ትናንትም ይዞ ነበር። ከትናንት ወዲያም።»

አድማሴ ባቱ ሲለቀው ሹልክ ብሎ ሄደ። በልቡ ግን ይኼ ሰው እግሬን ነቅቶብኛል፣ አለቀልኝ አለ። እንግዳው ስለ እግር ያሰበው ነገር አልነበረም። እሱ በየጠዋቱ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ድንበሩን ዓይን ዓይኑን የሚያይ ጎረቤት ነበር የታየው። ክረምት ደግሞ ጭቃው ሲላላ ድንበር የሚገፋበት ጊዜ ነው።

አድማሴ እግሩን የደበቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። የራሱ መሬት ለቤተሰቡ አይበቃውም፤ ኑሮው የቆመው ከሠርካለም ላይ ምርቱን በእኩል ሊካፈል በያዘው ማሳ ነው። ሠርካለም ወረታ የደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያው ላይ ሱቅ ያላት ባልቴት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን መሬቷን የሚያርስላት ጤነኛ ሰው ትፈልጋለች። ከአራት ዓመት በፊት ማሳውን ይዞ የነበረው አንለይ ወገቡን ሲታመም በሳምንቱ ተነጠቀ። ወሬውን ወረታ ድረስ ወስዶ የነገራት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ አድማሴ ነው። ያን ጊዜ ሥራዬ ብሎ ነበር የሄደው፤ አሁን ሲያስበው ያፍራል። ካፈረም በኋላ ግን የአገሩን ሰው ሁሉ እንደ ራሱ ወሬ አቀባይ አድርጎ ማየቱን አልተወም።

እግሩስ ቢሆን እያደር ብሷል። ሌሊት ይበርደዋል። በግንቦት ሚስቱ ብርክቲ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄደህ ተነከር ብላ ወትውታ ላከችው። የቀዘቀዘ እግር ሙቀት ይሻለዋል ብሎ፣ ሌላው ሰው ነክሮ ነክሮ ከሚያወጣበት ከምንጩ አፍ ላይ ቀኝ እግሩን ዘፍዝፎ ወሬውን ያወራ ጀመር። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ጮኸው ጎትተው ሲያወጡት አውራ ጣቱ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እሱ ምንም አልተሰማውም። ይኸው ሁለት ወሩ፣ ቁስሉ አልጠገገም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ በላስቲክ ጫማው ውስጥ ሸሽጎ ሩዝ ይተክላል።

በዚህ መሐል ነው ከባሕር ዳር የእግር ደም ሥር የሚያጠኑ ሰዎች ቀበሌው የገቡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማርያማዊት ትመራቸዋለች። የደም ግፊት የሚለኩት በክንድ ብቻ ሳይሆን በቁርጭምጭሚትም ነው ተባለ፤ ይኼ ለብዙው ሰው ጤነኛ ነገር አልመሰለውም። አንዱ ደም ሊቀዱ ነው አለ፣ ሌላው የጫማ እርዳታ ሊሰጡ ነው አለ። አድማሴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየው፤ ማርያማዊት የሠርካለም የእህት ልጅ ናት። እዚያ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ሁሉ በማግስቱ ወረታ እንደሚገባ አልተጠራጠረም። ማርያማዊት ለቅሶ ቤት እግሩን ዝቅ ብላ ማየቷ ሲታወሰው ደግሞ ሚስቱን በጥያቄ ያዘ።

«ለማርያማዊት ምን ነገርሻት?»

«ምን አለኝ የምነግራት?» አለች ብርክቲ። «አንተ ለእኔም የነገርኸኝ የለ። ጨርቁን ሳጥበው ነው የማየው።»

አላመናትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨርቁን ራሱ ያጥብ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ጠሩት። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር መሪጌታ ገብረ ሐና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ እንግዳው ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። ትንሽ ራቅ ብሎ ማርያማዊትና ዘመኑ የሚባለው የጥናቱ ሰው ጠረጴዛ ዘርግተዋል። ጤና ኬላው ድረስ የመጣላቸው ሰው ስላልነበረ ምእመኑ ከሚወጣበት በር ላይ ነው የጠበቁት።

እንግዳው ክሱን ዘረዘረ። አድማሴ በየጠዋቱ ድንበሩ ላይ እንደሚቆም፣ የሚቆምበት ቦታ ስንዝር እንደማያዛንፍ፣ ጠይቆት ችግኝ አያለሁ እያለ እንደሚያላግጥ፣ እሱም ሰግቶ በየማታው የሚለካው ችካል እንደ ተከለ ተናገረ። ሰዉም እየከበበ መጣ።

«አድማሴ» አሉ መሪጌታ፣ «በደጀ ሰላም ነው ያለነው። ለምንድን ነው የምትቆመው?»

አድማሴ ሁለቱን ይመዝን ጀመር። ዝም ካለ ድንበር ገፊ ሊባል ነው፤ ከተናገረ ማሳው ሊሄድ ነው። የሠርካለም የእህት ልጅ ደግሞ አሥር እርምጃ ላይ ቆማ ትሰማለች። ሁሉም ተመካክረው ያጠመዱት መስሎት መሪጌታን ሳይቀር ጠረጠራቸው። ኋላ ግን የልጆቹ ስም ከድንበር ገፊ ጋር ሲነሣ ታየውና አልቻለም።

«ያመኛል፣ መሪጌታ። ባቴን ይይዘኛል።»

«በእኔ ድንበር ላይ ብቻ?» አለ እንግዳው።

«ሌላም አለ። እሱ ወንዝ ዳር ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እንግዳው አልሳቀም፤ ሕመም መቆሚያ መርጦ እንደማያውቅ ለሽማግሌዎቹ አስረዳ። ይኼኔ ዘመኑ ከጠረጴዛው ተነሥቶ መጣና ይቅርታ ጠይቆ ከነገሩ ገባ። እንዲህ ያለው ሕመም እኮ ርቀት ያውቃል፣ መጥተን የምንፈልገውም ይህንኑ ነው አለ። መሪጌታም ይታይ ብለው ፈረዱ።

አድማሴ ጫማውን ሲያወልቅ ጨርቁን ያየው ሰው ሁሉ ጠጋ አለ። ዘመኑ ግራ ቁርጭምጭሚቱን ቅባት ቀብቶ እንደ እስክርቢቶ ያለች መሣሪያ አስጠጋ። ሹ፣ ሹ፣ ሹ የሚል ድምፅ ወጣ፤ የደሙ ድምፅ ነው አላቸው። ወደ ቀኙ አዞረው። ጆሮውን የማያቀና አልነበረም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የተሰማው ተሰማ የማይባል ትንፋሽ ነገር ነው።

«መሣሪያው ቢያብልስ?» አለ እንግዳው። ሱሪውን ሰብስቦ የራሱን እግር አቀረበ። በሁለቱም እግሮቹ ድምፁ እስከ በሩ ተሰማ፤ እንግዳው በጤናው ያፈረ መሰለ።

«አባቴ፣ ዋናው የደም ቧንቧዎ ጭንዎ ላይ ጠቧል» አለ ዘመኑ። «እግርዎን በደም የያዙት የጠበበውን ዙረው የሚሄዱት ትንንሾቹ ናቸው። ሲያርፉ ይበቃሉ፣ ሲራመዱ ያንሳሉ። ያን ጊዜ ነው ባትዎ የሚጮኸው።»

«ቁስሉስ?» አለ አድማሴ።

«የሚያድነው ደም አልደረሰውም። በዚህ ሳምንት ባሕር ዳር ከገባ የሚደረግለት አለ። ጭቃ ውስጥ ይዘውት ከከረሙ ግን ጣቱ ብቻ አይደለም፣ እግሩ ይሄዳል።»

አድማሴ ስሜ መዝገብ ላይ ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀ። ማርያማዊት የሚጻፈው ቁጥር ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ይኼንንም አላመናት፤ ደግሞስ ደጀ ሰላሙ ሁሉ ከሰማ በኋላ መዝገብ ምን ያደርጋል? ሽማግሌዎቹ ክሱን ዘጉ፣ እንግዳውም አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀ። አድማሴ ይቅርታውን ተቀብሎ ዓይኑን ግን ከእንግዳው ላይ አላነሣም። እንግዳው መሬቱ ጠባብ ነው፣ ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ ነገ ደግሞ ወረታ ገበያ ይወጣል። አድማሴ የአንለይ ጊዜ ራሱ የሄደበትን መንገድ እያንዳንዷን እርምጃ ያውቃታል።

ጫማውን ሳያጠልቅ ስልኩን አወጣ።

«ለማን ነው የምትደውል?» አለ እንግዳው።

«ለሠርካለም። ካንተ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።»

እንግዳው የሰበሰበውን ሱሪ ያወርድ ጀመር። አላሰብሁትም ለማለት እንኳ አልደፈረም።

ሠርካለም አነሣች። ከኋላዋ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። አድማሴ እንዴት ዋሉን አሳጠረው።

«እትዬ፣ እግሬ ታሟል። ባሕር ዳር ልሄድ ነው። የማሳው ግማሽ ገና አልተተከለም።» እሷ ሳትናገር ቀጠለ። «የቀረውን እንግዳው ይትከለው። ከእኔ ድርሻ እኩሉን ይውሰድ፤ የእርስዎ አይነካም።»

«እንግዳው በድንበር ሊከስህ አይደለም እንዴ?» አለች ሠርካለም። ያ ወሬ ከሱ በፊት ወረታ ገብቷል ማለት ነው። «ታምነዋለህ?»

አድማሴ እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አላምነውም። እሱም አያምነኝም። ድንበር ሲጠብቅ ግን እንደ እሱ ያለ ሰው አላየሁም፤ ማሳዎንም እንዲሁ ይጠብቃል» አለና ስልኩን ለእንግዳው ሰጠው።