ሽማግሌ የጫነችው ኖቫ

ዘነበ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ጋራዥ አለኝ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ባሌስትራ ስሠራ ኖሬያለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ጥፋቱ የጀማሪ ነው ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው።

ፍራኦል በዲቪ የመጣ ነርስ ነው። ዘመዶቹ በሙሉ አገር ቤት ናቸው። የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ሳደርግ ሦስት ቀን ከአልጋዬ ያልተለየ እሱ ነው፤ ልጄ ብዬዋለሁ። በሠርጉም ቀን በአባቱ ቦታ እንድቆም ቃል አስገብቶኛል።

ይኸው ልጅ ኖቫ የምትባል የ1969 ሞዴል አሮጌ የአሜሪካ መኪና አለችው። ባለፈው ወር ይዟት መጣና «ጋሼ፣ ኋላዋን ትንሽ ሎው ያድርጉልኝ» አለኝ። ኋላዋ ሲወርድ ያምራል ይላሉ። እኔ እንደሆንኩ ዕድሜ ልኬን የወረደ ሳነሣ ነው የኖርኩት። ኧረ ተው አልኩት፤ አልሰማ አለ። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ወፍራም ብረት አስገብቼ ሁለት ኢንች አወረድኩለት። ያዘዘኝ ይኸን ብቻ ነበር። እኔ ግን ከተነካ አይቀር ይበልጥ ዝቅ ትበል ብዬ፣ ባሌስትራው ላይ ከተደራረቡት አምስት ጭነት ተሸካሚ ብረቶች አንዱን በገዛ እጄ አወጣሁት።

«ሰው ሲጫንባት ትችላለች?» አለኝ።

«ዝሆን ብትጭን ትችላለች» አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ተቆጣሁ፤ ባለሙያው ማነው አልኩት።

ፍራኦል የሚያገባው ሊሊን ነው። አባቷ አቶ ግሩም ሳን ሆዜ ይኖራሉ፤ ሽማግሌ ካልተላከልኝ ልጄን አልሰጥም ያሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ጋሽ አባተና ባስልኤል፣ ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ ሦስታችን፣ ተላክን። የኔ ቫን ቅባት በቅባት ስለሆነች በሱፍ አይገባባትም። ፍራኦል የኖቫዋን ቁልፍ ሰጥቶኝ ቤቱ ቀረ።

ኖቫ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር አጥፎ መሹለክ ነው። ጋሽ አባተ ሰባ ዓመታቸው ነውና ከፊት ይግቡ አልናቸው። «በሞቴ፣ ባስልኤል ይግባ፣ ጉልበቱን ያመዋል» ብለው ከኋላ ሾለኩ። ባስልኤል ደግሞ «እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው እኔ ከፊት? ጉድ ልታሰኘኝ ነው እንዴ!» አለና ተከትሏቸው ገባ። ኧረ በእግዚአብሔር አንዳችሁ ወደ ፊት ኑ ብዬ ለመንኩ። እርስ በርስ «አንተ ሂድ»፣ «እርስዎ ይሂዱ» ሲባባሉ ሃይዋርድ ከተማን አለፍን። ሁለቱ አንድ ላይ ከሁለት መቶ ኪሎ አያንሱም። አጠገቤ የተቀመጠው ያወለቅኩት የሱፍ ኮት ብቻ ነው።

ፍሪዌዩ ላይ በየጉድጓዱ የኋላ ጎማው ከላዩ የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ ይፍቅ ጀመር። ፍሪሞንት ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ።

«ምንድነው የሚሸተው?» አሉ ጋሽ አባተ።

«የፊት ለፊታችን መኪና ነው» አልኩ።

የአቶ ግሩም ድራይቭዌይ፣ ከመንገድ ወደ ቤቱ የሚያስገባው፣ ዳገት ነው። ኖቫ አፍንጫዋን ቀና ስታደርግ ጭስ ማውጫዋ ሲሚንቶውን እየፈተገ፣ ሰፈሩን እያስጮኸች ቆመች። አቶ ግሩም ወጡ። አሥራ አምስት ዓመት በአሰብ መንገድ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ሰላምታም ሳይሰጡን ተንበርክከው ከሥር አዩ።

«ከዚህ አንድ ብረት ወጥቷል» አሉ። «ማነው የሠራው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ያዩኛል። ሊሊ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ፣ የሃያ ዓመት ባለሙያው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ልጁ ራሱ ነው» አልኩ።

ገባን። እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። አቶ ግሩም እስክንጨርስ አልጠበቁም።

«የማይችለውን ነካክቶ ሲያበቃ ሦስት ሽማግሌ ጭኖ የሚልክ ሰው፣ ነገ ልጄን እንዴት እንደሚይዛት አላውቅም። አልሰጥም።»

ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል እናውቃለን። የእሳቸው ግን የወግ እምቢታ አልነበረም። ሊሊ «ዳድ፣ ፕሊዝ» አለችና እንባዋ ወረደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?» አሉ አቶ ግሩም።

«ብረቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጁ አላዘዘኝም። ሰው ሲጫንባት ትችላለች ወይ ብሎ ሦስቴ ጠይቆኛል፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ቅድም ደግሞ ዋሸሁ።»

ባስልኤል ሳይፈቀድለት ተቀመጠ።

«ሦስቴ ጠየቀ?» አሉ አቶ ግሩም።

«ሦስቴ።»

ወደ ሊሊ ዞር አሉ። «ለሰው ተጨንቆ ሦስቴ የሚጠይቅ ልጅ አይጠላም። ሰጥቻለሁ» አሉ። ጋሽ አባተ ምርቃት ሲጀምሩ ግን አቶ ግሩም እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «አቶ ዘነበ፣ በሠርጉ ቀን በአባቱ ቦታ ሌላ ሰው ይቁም። ሊሸመግልለት መጥቶ ልጁን አሳልፎ የሰጠ ሰው ከልጄ ጎን እንዲቆም አልፈልግም።»

ልክ ናቸው። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከደጅ ሆኜ ለፍራኦል ኮል አደረግሁለት። ሰጥተውሃል አልኩትና ውሸቴንም፣ የተባልኩትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልቆሙልኝ እኔ እዚህ አገር ማን አለኝ?»

«ሊሊ አለችህ» አልኩት።