አውፍ

«ኑርዬ እኔንም አውፍ በለኝ ብሎኝ ነበር» አለ ሙዓዝ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ።

ሀዲያ ቀና አለች። ስለ ባሏ ይህን የይቅርታ ቃል ትናንትም ከሌላ ለቀስተኛ ሰምታዋለች።

«መቼ?»

«ከገበያ ስንመለስ። በባቲ አድርጎ ዓረብ አገር ሊሻገር መስሎኝ፣ ‹አውፍ ብያለሁ፣ አንተም አውፍ በለኝ፣ ስትደርስ ደውል› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«ሳቀ።»

ጥግ ይዘው የተቀመጡት ጎረቤቷ እትዬ አመተ ማርያም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እሳቸውም ቤት ሄዶ ነበር። በሬው ድሮ ለበላባቸው ጤፍ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለን ብለው ሸኙት።

«ረመዳን ሲቀርብ ሁሌ ትጠያየቁ የለ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ምን ላውቅ ልጄ።»

የሀዲያን ባል፣ ኑርዬን፣ ያወጡት ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው፤ የውሃ ሞተሩ ቱቦ ከሚገባበት ቦታ። አንዱ ጫማ እግሩ ላይ ነበር፤ ሌላውን ከጭቃው ውስጥ አገኙት። አዳልጦት ነው ተባለ። ሀዲያም አዳልጦት ነው አለች። ግን ማሳው ላይ ውሃ የሚጠጣ ሰብል አልነበረም። ታዲያ ምን ሊያደርግ ወረደ? እዚህ ስትደርስ ሐሳቧ እንደ ክር ይተበተብባታል፤ ጫፉን አገኘሁት ስትል መልሳ ታጣዋለች።

ኑርዬ ተጫዋች ሰው ነበር። ሞተሩን በብድር ሲገዛ ሙዓዝና ሌሎች ጎረቤቶች ዋስ ሆነው ፈረሙለት። እሱም ሞተሩን «ሁለተኛዋ ሚስቴ» እያለ፣ በጨርቅ እየወለወለ ሀዲያን ያበሽቃት ነበር። ከዚያ ሽንኩርቱ ገዢ አጣና እዚያው ማሳው ላይ በሰበሰ። አበዳሪዎቹ የዋሶቹን በር ማንኳኳት ሲጀምሩ ኑርዬ መጀመሪያ እንቅልፉን አጣ፤ ቀጥሎ ጨዋታውን። ጎርሶ መዋጥ ይረሳል። የቀበሌው ጤና ሠራተኛ «ደሴ ውሰዱት፣ የጭንቀት ሐኪም ይየው» ብላ ነበር።

«የምን ሐኪም! ዕዳ ያለበት ሰው ካልተጨነቀ ምኑን ሰው ሆነው?» አሉ ሁሉም። ሀዲያም እንደዚያው አለች። ዕዳው ሲወርድ ጭንቀቱም አብሮ የሚለቀው መስሏት ነበር።

«ስለ ብድሩ አታስቢ፣ እህቴ» አለ ሙዓዝ። «ቀብር ላይ ‹ዕዳ አለበት ባይ ይናገር› ሲባል እኛ ዋሶቹ ተመካከርን። ተካፍለን እንከፍላለን። እሱንም አውፍ ብለነዋል።»

«ይህን በቁሙ ብትነግሩት ምን ነበረበት?»

ሙዓዝ ብርጭቆው ውስጥ አየ። «ወላሂ፣ አውፍ በሉኝ አለ እንጂ ክፈሉልኝ አላለንም።»

«ሁላችሁም አላችሁት?»

«አውፍን ማን ይከለክላል?»

ሀዲያ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችው። እሷ ከልክላለች። የዚያን ዕለት በርበሬ እየቀነጠሰች ሳለ፣ ኑርዬ አንድ እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ «አንቺ፣ አውፍ በይኝ» አላት።

«ለሐጅ ነው?» አለችው ቀና ሳትል። «መጀመሪያ ሁለተኛዋን ሚስትህን ፈትተህ ና። ያን ጊዜ አውፍ እልሃለሁ።»

እስኪስቅ ጠበቀች። «እሺ» ብሎ ወጣ።

የወረደው ቱቦውን ነቅሎ ሞተሩን ሊመልስ ነው? ቀልዷን አምኖ? ወይስ አስቀድሞ ቆርጦ፣ ለእሷ ቃል ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ነበር? አሁን አውፍ ብትለው፣ እያወቀ ነው የሄደው ብላ መመስከር ይሆንባታል። ባትለው ደግሞ፣ አንድ እጁን መቃኑ ላይ እንዳደረገ ይቀራል።

«አብሽሪ» ብሎ ሙዓዝ ተነሳ። ሀዲያ እጇ ለምዶባት ወደ በሩ ሄዳ ጫማውን ጫፉን ወደ ውጭ አዞረችለት። ለሚሄድ እንግዳ ሁልጊዜ እንደዚህ ታደርጋለች። የቤት ሰው ጫማ ግን አይዞርም።

«ተይው ልጄ፣ ሐዘንተኛ ነሽ» አሉ እትዬ አመተ ማርያም። የእሳቸውንም አዞረች።

ሁለቱም ሄዱ። ከበሩ ጀርባ የኑርዬ ጫማ ጫፉን ወደ ውስጥ አድርጎ ቀረ። የሐይቁ ጭቃ ደርቆበታል። ሀዲያ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን አምጥታ ቁጢጥ አለች። ጭቃውን በጣቷ እየፈቀፈቀች አጠበችው፣ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው። ጥንዱን አስተካክላ እንደነበረው ወደ ውስጥ አስቀመጠችው። 

ከዚያ ወደ ውጭ አዞረችው።